የሰባት ቤት ቆጣሪው ዘገዬ

ዘገዬ በዳሶ ውሃ ሲያይ ቀድሞ የሚያየው ነፋሱን ነው። ሠላሳ ዓመት ሜልበርን ኖሮ፣ ሰንሻይን ላይ ቤት ገዝቶ፣ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ሲነዳ ጸጉሩ ሸብቶ፣ ዛሬም ልጁ ወደ ባሕር ዳርቻ ስትወስደው ዓይኑን ጨፈን አድርጎ "ዛሬስ መሻገር አይቻልም" ይላል። ማን ሊሻገር ነው? ማንም! ሰዉ አይስክሬም ሊበላ ነው የመጣው። ግን ምን ይደረግ፣ ሰውዬው የደሴት ልጅ ነው። ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዷ ተወልዶ፣ አፉን በደሴቶቹ ቋንቋ በዛይኛ ፈትቶ፣ አማርኛውን ከሐይቁ ማዶ ትምህርት ቤት የለመደ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ሳይሞላው የደንገል ጀልባ ብቻውን የቀዘፈ ሰው ነው።

ከዚያች ደሴት ይዞት የመጣው አንድ ነገር አለ፤ ቆጠራ። እናቱ "አገራችን ጠባብ ናት፤ ሳትቆጥር ካገባህ የገዛ እህትህ ላይ ነው የምትወድቀው" እያለች የአባቱንም የእናቱንም ዘር እስከ ሰባት ቤት ድረስ በጣቶቹ አስጠንታዋለች። ልትሞት ስታጣጥርም እጁን ይዛ ያስማለችው ይህንኑ ነው፤ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ልጅ እንዳይሰጥ።

ሜልበርን ሲገባ ነገሩ ሁለተኛ ሥራ ሆነለት። ልጆቻቸውን ሊድሩ ያሰቡ ወላጆች ይደውሉለታል፤ እሱ ሰማያዊ ደብተሩን አውጥቶ በዚህ በኩል ሰባት፣ በዚያ በኩል ሰባት እያለ ስም ይደረድራል። "ቆጣሪው" የሚለው ስም ወጣለት፤ ሲጠሩት ደስ ይለዋል። ብዙውን ጊዜ "ንጹሕ ነው፣ ይጋቡ" ይልና እልልታ ያስመታል። አንዴ ብቻ፣ የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ፊትዝሮይ ፎቅ ላይ የምትኖረው ዶርቃ ልጇን ልትድር አዳራሽ ቡክ ካደረገች በኋላ፣ ዘገዬ በስድስተኛው ቤት ላይ አንድ ስም ሁለት ጊዜ አገኘ። "ዘመዳሞች ናቸው" አለ። አለቀ። አዳራሹ ካንስል ሆነ፣ ቀለበቱ ተመለሰ፣ ዶርቃም ከዚያን ቀን ወዲህ ዘገዬን ሱቅ ውስጥ ስታገኘው ዓይኗን ከሽሮው መደርደሪያ ላይ አታነሳም። እሱ ግን እንቅልፍ አላጣም። ሕግ ነዋ!

እንግዲህ የራሱ ልጅ ያኔት፣ የሃያ ስምንት ዓመት ነርስ፣ አንድ ቀን እራት ላይ እንዲህ አለችው።

"ዳድ፣ ሽማግሌ ሊልኩ ነው።"

"እነማን?"

"የዳርዮ ቤተሰብ። ዌሪቢ ነው ያሉት።"

"ዳርዮ ማለት የማን ልጅ ነው?"

"ጣልያን ነው፣ ዳድ። አይ ቶልድ ዩ።"

የዘገዬ ጉርሻ አፉ ደጃፍ ላይ ቀረ። ጣልያን መሆኑ አይደለም፤ አሥር ዓመት ሙሉ በጣልያን አለቃ ሥር ሠርቶ ለምዶታል። ሃይማኖቱንም ልጆቹ ራሳቸው ከቄሱ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። ጉዱ ሌላ ነው። ፈረንጅ እንዴት አድርጎ ይቆጠራል? አያቱን የሚያውቅ ፈረንጅ ስንት አለ?

"ሰባት ቤት ካልቆጠሩ አልሰጥም" አለ።

"ዳድ! እኛ ከጣልያን ጋር በምን በኩል ዘመድ እንሆናለን? ኢት ዳዝንት ሜክ ሴንስ!"

"እናቴ ስታስምለኝ ጣልያን ሲሆን ተወው አላለችም።"

ያኔት እናቷን አየቻት። ማንተግቦሽ የዚያው ሐይቅ ልጅ ናት፤ ከሌላኛዋ ደሴት። ቤት ውስጥ ቃል የምትቆጥብ ሴት ናት። ሳህን አነሳችና ወደ ኩሽና ገባች። ያኔት ያን ጊዜ እንግሊዝኛዋን ሁሉ ትታ፣ በጥርት ያለ አማርኛ፣ "አባዬ፣ ያለ አንተ ምርቃት አላገባም። ከእሱ ሌላም አላገባም" አለች። ያኔት አማርኛ ሳታደባልቅ ከተናገረች የምሯን ነው። ዘገዬ ያን ሌሊት ሲገላበጥ አደረ።

እሑድ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሽማግሎቹ መጡ። ሽማግሎቹ ማለት ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የማነ፣ የአስመራ ልጅ፣ ዌሪቢ የአትክልት እርሻ ላይ ስንት ዓመት የሠራና ጣልያንኛ አቀላጥፎ የሚናገር። ሁለተኛው የእርሻው ባለቤት የነበሩት፣ አባቱ የሞተበትን ዳርዮን ያሳደጉት አያቱ፣ ኦሬስቴ የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት ሰው። ኮፍያቸውን በአንድ እጅ፣ የአበባ ጎመን የሞላ ካርቶን በሌላው እጅ ይዘው ገቡ። ዳርዮ ግን ደጅ መኪና ውስጥ ቀርቷል። "ጠያቂው ልጅ ቤት አይገባም፣ ነውር ነው" ብሎ የማነ ስላስጠነቀቀው፣ በዚያ በጥር ሙቀት መስኮት ከፍቶ ቁጭ ብሏል። ያኔት በመጋረጃው ስንጥቅ እያየችው ስልኳን ትነካካለች።

ሥርዓቱ ሽማግሌ ቆሞ እንዲለምን ነው። ኦሬስቴ ግን ገና ሰላምታው ሳያልቅ ሶፋው ላይ ዘጭ አሉ።

"ምነው፣ ሽማግሌ እኮ ቆሞ ነው የሚለምነው!" አለ ዘገዬ ለየማነ፣ ደንገጥ ብሎ።

"ጋሼ ዘገዬ፣ ጉልበታቸው የብረት ነው። አምና ነው የቀየሩላቸው። ቆመው ይለምኑ ካልክ ማስነሳቱ ያንተ ፈንታ ነው።"

ይሁን ተባለ። ኦሬስቴ ልመናቸውን በሁለት አረፍተ ነገር ጨረሱ። ልጁ ጥሩ ልጅ ነው፤ ልጅቷን ይወዳታል። ዘገዬ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሰማያዊ ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘረጋ፣ ብዕሩን ከፈተ።

"እስከ ሰባት ቤት ይቁጠሩልኝ በላቸው።"

የማነ ተረጎመ። ዘገዬ ሽማግሌው የሚስቁ ወይም የሚቆጡ መስሎት ነበር። ኦሬስቴ ግን አልሳቁም፣ አልተቆጡም፤ እንዲያውም ቀና ብለው ተስተካክለው ተቀመጡ።

"ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ሳገኝ ከስልሳ ዓመት ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው" አሉ። "እኛ ደሴት ላይ ሕፃን አባታችን ሆይን ሳይዝ ዘሩን ይይዛል።"

"ምን?" ዘገዬ ብዕሩ ወደቀበት። "ምን ላይ አሉ?"

"ደሴት ላይ ነው ያሉት" አለ የማነ።

"የምን ደሴት?"

ኦሬስቴ ነገሩት። ጣልያን አገር መሀል አንድ ሰፊ ሐይቅ አለ፤ ጥልቀት የለውም፣ ቁጡ ነው። መሀሉ ላይ በእግር በአንድ ሰዓት የምትዞር ደሴት አለች። ሃያ ሁለት ቤት፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ጉድጓድ። ዳሩ ሸምበቆ ነው። ወንዱ ዓሣ ያጠምዳል፣ ሴቱ መረብ ይጠግናል። የሰሜን ነፋስ ከተነሳ ሦስት ቀን አራት ቀን የሚሻገር የለም፤ የሞተም አይቀበር፣ የታመመም ሐኪም አያይ። የደሴቷን ስም ዘገዬ እስከ ዛሬ አስተካክሎ መጥራት አልቻለም፤ ነገሩን ሲሰማ ግን ጸጉሩ ቆመ። ነፋሱ! ሸምበቆው! ይኼ ሰው የማንን አገር ነው የሚያወራው?

"እኛም እኮ!" አለ በእንግሊዝኛ፣ የማነን ሳይጠብቅ። "እኔም ሐይቅ! እኔም ደሴት! ሸምበቆ፣ ዓሣ፣ ነፋስ! ጉማሬስ አላችሁ?"

"ምን አላችሁ?" አሉ ኦሬስቴ።

"ጉማሬ። ውሃ ውስጥ። ትልቅ።" ዘገዬ በሁለት እጁ ለካ።

"ጀልባችሁ የምንድን ነው?"

"የደንገል። ሣር በሉት።"

ኦሬስቴ ወደ የማነ ዞረው በጣልያንኛ አንድ ረጅም ነገር አሉ። "ጉማሬ ያለበት ውሃ ላይ በሣር ተቀምጠው የሚሄዱ ሰዎች ልጅ ከሆነች ዳርዮ ሊፈራት ይገባል እያሉ ነው" አለ የማነ። ኩሽና ውስጥ ማንተግቦሽ ስትስቅ ተሰማ። ዘገዬም ሊስቅ ነበር፤ ደብተሩ ትዝ አለውና ተኮሳተረ።

"ይቁጠሩ።"

"እኔ ኦሬስቴ። አባቴ ፔላጆ። የፔላጆ አባት ኦሬስቴ። የኦሬስቴ አባት ፔላጆ። የፔላጆ አባት ኦሬስቴ..."

ዘገዬ መጻፉን አቆመ። "የማነ፣ ሽማግሌው ይቀልዱብኛል?"

"አይቀልዱም። የመጀመሪያ ወንድ ልጅ በአያቱ ስም ነው የሚጠራው።"

"እና እስከ ሰባት ቤት ሁለት ስም ብቻ?"

የማነ ጠየቃቸው። "እስከ አሥራ አንድ ነው ይላሉ።"

አሥራ አንድ! ዘገዬ በሕይወቱ አሥራ አንድ የቆጠረ ሰው አጋጥሞት አያውቅም። ፈረንጅ አያቱን አያውቅም ብሎ የናቀው ሰው እላዩ ላይ አራት ቤት ጨምሮ ቁጭ አለ። እየተገረመም እየቀናም ጻፈ። "በእናትስ በኩል?" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ።

"እናቴ አሱንታ። የአሱንታ አባት ቤፔ። የቤፔ አባት ፔላጆ።"

የዘገዬ ብዕር ቆመች። "የትኛው ፔላጆ?"

"ያው ፔላጆ።"

"ያው ማለት የአባትዎ አያት?"

"አዎ።"

ዘገዬ ደብተሩን አየ፣ የማነን አየ፣ እንደገና ደብተሩን አየ። የማነ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት ያያል።

"የማነ። እኔ የገባኝ ነገር ልክ ከሆነ..."

"ልክ ነው። አባትና እናታቸው የወንድማማች ልጆች ናቸው።"

ዘገዬ ተነሳ። ለምን እንደተነሳ አላወቀም፤ እግሩ አነሳው። የወንድማማች ልጆች! ሰንሻይን ውስጥ፣ በገዛ ሳሎኑ፣ በገዛ ደብተሩ ላይ! እናቱ ከመቃብር ቀና ብላ የምታየው መሰለው።

"ጳጳሱ የፈቃድ ወረቀት ይሰጡ ነበር" አሉ ኦሬስቴ በተረጋጋ ድምፅ። "ሃያ ሁለት ቤት ውስጥ ሌላ ልጃገረድ ከየት ይምጣ? ለእኔም የታጨችልኝ የአክስቴ ልጅ ነበረች። ወረቀቱ ደርሶ፣ ልብሴ ተሰፍቶ፣ አንድ ቀን መረብ ስንጠቀልል ፊቷን አየሁት። አፍንጫዋ ይኼ ነበር።" የራሳቸውን ትልቅ አፍንጫ በጣታቸው መቱት። "ራሴን በመስታወት ያየሁ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት ጀልባዬን ማዶ አስሬ ሄድኩ። ባሕር ዳርቻ ወርጄ፣ በባሕሩ ላይ ወዳሉት ትናንሽ ደሴቶች የመጠጥ ውሃና ፖስታ የምታደርስ መርከብ ላይ ተቀጠርኩ። የባሕር ደሴት ሰዎች የሐይቅ ሰው ሲያዩ ይስቃሉ፤ ከኩሬ የወጣ እንቁራሪት ይሉኝ ነበር። በአንዷ ደሴት ላይ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ መረብ የምትጠግን ልጅ አየሁ። ኒቬስ ትባላለች። አፍንጫዋ የማንም አልነበረም።"

ኒቬስ ከሞተች አራት ዓመቷ እንደሆነ ያኔት ታውቃለች፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ።

"እኔ ዘመዴን ላለማግባት ሐይቅ ተሻገርኩ፣ ባሕር ተሻገርኩ፣ መጨረሻ ላይ ከኒቬስ ጋር ውቅያኖስ ተሻገርኩ። የልጅ ልጄ ደግሞ ፉትስክሬይ ላይ ባቡር ቀይሮ ልጅህን አገኘ። ከዚህ የበለጠ የት ድረስ ይሂድ?"

የማነ ይህን ቃል በቃል ተረጎመ። ዘገዬም ልቡ ተነክቷል፤ ግን ሰውዬው ቆጣሪው ነው፣ ምሏል፣ የዶርቃን ልጅ በስድስት ቤት መልሷል። በምን አፉ?

"አዝናለሁ" አለ። "ወላጆቻቸው የወንድማማች ልጆች ከሆኑ ሰው ቤት ልጄን አልሰጥም። እናቴ ትረግመኛለች።"

ያኔት "ኦ ማይ ጋድ" አለችና ስልኳ ከእጇ ምንጣፉ ላይ ወደቀ።

ኦሬስቴ አልተነሱም። ጣታቸውን ወደ ዘገዬ ቀሰሩ። "እኔ ቆጥሬያለሁ። አሁን አንተ ቁጠር። እኔስ ልጅ እየሰጠሁ አይደለም?"

ዘገዬ ይህን አልጠበቀም፤ ቢሆንም ኮራ። እጁን ዘርግቶ በጣቶቹ ጀመረ። "አባቴ በዳሶ። የበዳሶ አባት ወልዴ። የወልዴ አባት ሳሙኤል። የሳሙኤል አባት ጃርሶ። የጃርሶ አባት ገብሬ። የገብሬ አባት ዘካርያስ። የዘካርያስ አባት ዓምዴ። ሰባት!" በእናቱም በኩል ሰባት አለ። አንድም ስም አልተደገመም።

"ንጹሕ ነው" አሉ ኦሬስቴ። "ሚስትህስ?"

"የእሷ በጋብቻችን ጊዜ በሽማግሌ ተቆጥሮ አልቋል።"

"እኔ አልሰማሁም። የልጅቷ ግማሽ ከእሷ ነው።"

የማነ ዘገዬን አየው፤ ዘገዬ ትከሻውን ሰበቀ። በሽማግሌ ፊት ሴት ቆጥራ አታውቅም፤ የሴት ዘር በአጎት ነው የሚቆጠረው። ማንተግቦሽ ግን ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች። መቼ እንደመጣች ያየ የለም። የብርጭቆውን ትሪ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

"እኔ ልቁጠር" አለች። በአባቷ በኩል ሰባቱን ሳትደነቃቀፍ ዘለቀችው። ከዚያ ወደ እናቷ አለፈች፣ ቀስ ብላ። "እናቴ አስካለ። የአስካለ እናት ብርቄ። የብርቄ አባት ቶላ። የቶላ እናት ወለቴ።" ቆመች። ባሏን አየችው። "የወለቴ አባት ገብሬ።"

ዘገዬ ወደ እሷ ቀና አለ።

"የትኛው ገብሬ?" አለ ዘገዬ።

"ያው ገብሬ።"

"ገብሬ የሚባል ሰው ብዙ ነው።"

"ግራ እጁ ላይ ስድስት ጣት የነበረው" አለች ማንተግቦሽ። "እናንተ ደሴት ላይ ጃርሶን ወለደ፤ እኛ ደሴት ላይ ወለቴን።"

ባለ ስድስት ጣቱ ገብሬ! ዘገዬ ገና ጡት ሳይጥል የሰማው ስም ነው፤ በመላው ሐይቅ ሁለተኛ የለውም። ሶፋው ላይ ዘጭ አለ፣ ኦሬስቴ አጠገብ። ጣቶቹን አየ። በዳሶ፣ ወልዴ፣ ሳሙኤል፣ ጃርሶ፣ ገብሬ። አስካለ፣ ብርቄ፣ ቶላ፣ ወለቴ፣ ገብሬ። አምስት። ስድስት እንኳ አልሞላም!

"አጎትሽ ሲቆጥሩ ነበርኩ" አለ። "የወለቴን አባት ሳዶ ነው ያሉት። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።"

"ሳዶ ባሏ ነው። አጎቴ እዚያ ላይ ሲደርስ ሳል አስመስሎ ገብሬን ዘለለው። እኔ ከመጋረጃው ኋላ ነበርኩ።"

"እና አወቅሽ?"

"ያኔውኑ።"

"ሠላሳ ሁለት ዓመት?!"

"በየሐሙሱ ወደ እኛ ደሴት ነፋስ እየመታህ ስትቀዝፍ ከሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ሆኜ አይህ ነበር" አለች። "አንድ ሐሙስ ጀልባህ ተገልብጦ፣ ዋኝተህ ወጥተህ፣ ውሃው እየተንጠባጠበብህ 'እንዴት ዋላችሁ' አልክ። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ስም ምክንያት ልጣ? ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ የቆረቆረኝ የዶርቃን ልጅ ያስለቀስክ ቀን ነው። ያን ቀን መናገር ነበረብኝ፤ ፈራሁ። ዛሬ ግን የራሴን ልጅ ነው የምታስለቅሰው። በል፣ ሕግህ ይኸው። ትፈታኛለህ?"

የማነ መተርጎም ትቶ አፉን ይዟል። ኦሬስቴ ክርኑን ጎሰሙት። "ምን ሆኑ?" የማነ አምስት ጣቱን አሳያቸው፣ ከዚያ ባልንና ሚስትን። ሽማግሌው ትንሽ ቆይተው ገባቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ "ደሴት!" አሉ፤ እጃቸውን ዘርግተው ዘገዬን ጀርባውን መታ መታ አደረጉት።

ዘገዬ ሚስቱን አየ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አጠገቡ የተኛችውን፣ በስደተኞች ካምፕ ውሃ ተሸክማ ያጠጣችውን፣ ያኔትን የወለደችለትን። አፍንጫዋን አየ። ወይ ጉድ! የእሱ አፍንጫ አይደለም እንዴ? እንዴት እስከ ዛሬ አላየውም? ከዚያ ከውስጡ የሆነ ነገር ፈነዳበት፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ እሱም አላወቀ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ያኔት ሮጣ ያዘችው።

"ዳድ? አር ዩ ኦኬ?"

"የት አባቴ እፈታታለሁ?" አለ እንባውን እየጠረገ። "ማንን ላገባ? የማነ፣ ያን ልጅ ከመኪናው ጥራው፤ ቀቀልነው እኮ።"

ዳርዮ ፊቱ እንደ ቲማቲም ቀልቶ፣ ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቆ ገባ። ማን ምን እንዳለ ምንም አያውቅም። ዘገዬ ጉልበቱን እንዲስም አላስጠበቀውም፤ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቁሞ መረቃቸው። ነፋሱን ያብርድላችሁ፣ ማዶውን ያቅርብላችሁ አለ። ማንተግቦሽ "አሜን" ስትል ድምጿ ከሁሉም ይጎላ ነበር። ኦሬስቴም ኮፍያቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው "አሜን" አሉ።

ምርቃቱ እንዳለቀ ዘገዬ ሰማያዊ ደብተሩን ከጉልበቱ ከወደቀበት ምንጣፍ ላይ አነሳና የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፈበትን ገጽ ፈልጎ አገኘ። ከስሞቹ ሥር የስልክ ቁጥር አለ። እንግዶቹ ተቀምጠው፣ ምግቡ እየቀረበ፣ ሰው ሁሉ እየተንጫጫ፣ ወደ ኩሽናው ጥግ ሄዶ ደወለ።

"ማን ልበል?" አለች በዚያኛው ጫፍ ያለችው ሴት።

"ዶርቃ፣ ዘገዬ ነኝ።" ስልኩን አልዘጋችም። "አትዝጊብኝ። ያ ልጅ... አግብቷል?"

"ምን አገባህ?"

"አግብቷል ወይ?"

ረጅም ትንፋሽ ሰማ። "አላገባም። እሷም አላገባችም። አሁንም በስልክ ያወራሉ፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል።"

ዘገዬ ግድግዳውን ተደገፈ። ጣቱ ሳያስበው አምስት ድረስ ቆጥሮ ቆመ።

"ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ" አለ። "ከማንተግቦሽ ጋር። ቆመን ነው የምንለምንሽ።"